የሟች አያት ሪልና ካሴት፦ መጀመሪያ ምን ይቀዳ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሂውስተን ነው። ባለቤቴ የደቡብ ሉዊዚያና ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ኬጁን የሚባሉት፣ ከድሮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የመጡት ናቸው፣ ዩኒስ ከተማ አካባቢ። አያቱ ዕድሜ ልካቸውን አኮርዲዮን ሲጫወቱ ኖረው አምና አረፉ። ከጋራዣቸው አንድ ትልቅ ካርቶን አወጣን። ጥቂት ሪል (በክብ ጥቅል ላይ የተጠመጠመ የድሮ ቴፕ)፣ አርባ የሚሆን ካሴት፣ ሦስት አሮጌ ሸክላና በእጅ የተጻፈ የግጥም ደብተር አለው። ከሪሎቹ አንዱ ልክ እንደ አቼቶ ይሸታል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ርካሽ የዩኤስቢ ካሴት ማጫወቻ ገዝቶ ሁሉንም ሊገለብጥ፣ ጫጫታውን በኤአይ አጽድቶ ዩቲዩብ ላይ ሊጭንና ካርቶኑን ሊጥል ነው። ‹ድሮ ከካናዳ ይዘነው የመጣነው የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም› ይላል። ከአያትየው ጋር ቫዮሊን ይጫወቱ የነበሩት ጓደኛቸው በሕይወት አሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል። የ12 ዓመት ልጃችን ደግሞ የቅድመ አያቴን አኮርዲዮን ካልተማርኩ እያለች ነው። ስማቸው እንዳይጠፋ ምን እናድርግ?»

ሪሉን አታጫውቱት። ካርቶኑንም አትጣሉት። በእነዚህ በሁለቱ ድርድር የለም።

ሌላው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ በጣም አጣዳፊው ነገር ሪሉም ካሴቱም አይደለም፤ ሽማግሌው ናቸው። የእኔ ሥራ አሮጌ ድምፅ መገልበጥ ስለሆነ ሰው ቴፕ ይዞ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት አንድ ዓመት ቢቆይ የሚደርስበት ጉዳት ትንሽ ነው። ሰማንያ ያለፈ ሰው ግን በአንድ ክረምት ብቻ ስም ሊረሳ፣ ጣቱ ሊተሳሰር፣ ሊያርፍም ይችላል። ቴፑ የማይነግራችሁን የሚነግሯችሁ እሳቸው ብቻ ናቸው፦ ይህን ቫልስ (የጭፈራ ዜማ) ከማን ተማሩት? የትኛው አዳራሽ ነው የተቀዳው? ከኋላ የምትስቀው ሴትዮ ማናት? ስለዚህ ሰው ይቅደም፣ ቴፕ ይከተል፣ ዩቲዩብ መጨረሻ ይምጣ። የአጎት ልጁ ዕቅድ ይህን ገልብጦታል።

አሁን ወደ አንድ የተለመደ ስህተት። «ከካናዳ ይዘነው የመጣነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የኬጁኖችን ቅድመ አያቶች፣ አካዲያን የሚባሉትን፣ እንግሊዞች ካናዳ ካለችው ከዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ ማባረር የጀመሩት በ1755 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ከ1760ዎቹ ጀምሮ ሉዊዚያና ገቡ። ዘፈንና የቫዮሊን ዜማ ይዘው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የሉዊዚያና ሥራ ነው። አኮርዲዮኑ የጀርመን ዕቃ ነው፤ ገበያው ውስጥ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ምቱና አዘፋፈኑ ላይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ጥቁር ክሪዮሎች ያሳረፉት አሻራ በጣም ትልቅ ነው። የመጀመሪያው የኬጁን ሸክላ በ1928 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ተቀዳ፤ ተጫዋቾቹ ጆ ፋልኮንና ክሌኦማ ብሮ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ከተማ ማይክሮፎን ፊት የቆሙት ግን አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነበሩ፦ አኮርዲዮን ይዞ አሜዴ አርድዋን፣ ቫዮሊን ይዞ ዴኒስ ማጊ።

ስለ አርድዋን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያት አለኝ። በ1898 ተወለደ። የሰው እርሻ ላይ የሚሠራ፣ ማታ ማታ በነጮችም በጥቁሮችም ጭፈራ ላይ የሚጫወት ሰው ነበር። የመጨረሻ ቅጂዎቹን በ1934 ኒው ዮርክ ሄዶ ቀዳ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ነው። አንድ ምሽት ሲጫወት ላቡን የሚጠርግበት መሐረብ አንዲት ነጭ ሴት አቀበለችው፤ በዚህ የተናደዱ ነጮች መንገድ ላይ ጠብቀው አካሉንም አእምሮውንም እስኪጎዱት ደበደቡት ይባላል። በ1942 ፓይንቪል በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። የተቀበረው ከብዙ ሰዎች ጋር ነው፤ መቃብሩ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የቀሩለት 34 ቅጂዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ገደማ። በ2018 ኦፐሉሳስ አጠገብ ሐውልት ቆሞለታል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን በሕይወት ሳለ «ይህን ዜማ ከማን ሰማኸው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የመዘገበ አልነበረም። የዛሬ ተመራማሪ የሚያውቀው ሌሎች ስለሱ ያሉትን ነው። በአንጻሩ ማጊ እስከ 1989 ኖረ። ሰዎች ሄደው ጠየቁት፣ ቀዱት፣ አብረውት ተጫወቱ። ዛሬ ስለ አርድዋን አጨዋወት ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከማጊና ከሌሎች አብረውት ከኖሩ ሰዎች አፍ ነው። የእናንተ ቫዮሊን ተጫዋች ለአያትየው ማጊያቸው ናቸው።

ደግሞ ዘፈኖቹ ከሰው ወደ ሰው ሲሄዱ ስም ይቀይራሉ። አይሪ ለጁን የሚባል ዓይኑ በደንብ የማያይ ወጣት በ1948 ሸክላ ሲያወጣ፣ ብዙ ዜማዎቹን የወሰደው ከአርድዋን ቅጂዎች ነው። ለጁን በ1955 መንገድ ዳር ጎማ ሲቀየር መኪና ገጭቶት በ26 ዓመቱ ሞተ። ከሱ ሸክላ ደግሞ የአገሩ ልጅ ሁሉ ተማረ። የእናንተ አያት «የእኔ ዘፈን» ይሉት የነበረ ነገር የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ወይም በእውነት የራሳቸው ሊሆን ይችላል። የሚለየው በጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከተቀዳ ይኖራል የሚለው ነው። እኔ ራሴ የምኖረው በዚህ እምነት ስለሆነ ብዙ ላጣጥለው አልችልም። በ1934 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ጆን ሎማክስና የ19 ዓመት ልጁ አለን በመኪና የጫኑትን የዲስክ መቅረጫ ይዘው ደቡብ ሉዊዚያናን ዞሩ። የቀዱት ዛሬም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሸክላ አሳታሚዎቹ የማይፈልጉትን፣ ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚዘፈኑ ረጃጅም የታሪክ ዘፈኖችን ያገኘነው ከዚያ ነው። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ቅጂዎቹ ዋሽንግተን ተቀምጠው ሳለ አገር ቤት ሙዚቃው እየሞተ ነበር። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ ግቢ ውስጥ ፈረንሳይኛ ያወራ ልጅ ይገረፍ ነበር። እነዚያ ልጆች ወላጅ ሲሆኑ ለልጆቻቸው ቋንቋውን አላወረሱም። የነዳጅ ሥራ መጣ፣ ሬዲዮ መጣ፣ የካንትሪ ሙዚቃ መጣ። በ1930ዎቹ አጋማሽ አኮርዲዮን የገጠሬ ዕቃ ነው ተብሎ ከሸክላ ላይ ጠፍቶ ነበር።

የመለሰው ምንድን ነው? በ1964 ዱዊ ባልፋ የሚባል ሰው በመጨረሻ ሰዓት የቀረ ጊታር ተጫዋች ተክቶ ከሌሎች የኬጁን ሙዚቀኞች ጋር ወደ ኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ሄደ። አንድ የአካባቢው ጋዜጣ ሰዎቹ ሄደው ሊያዋርዱን ነው ብሎ አሹፎ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ባልፋ ያንን ጭብጨባ ይዞ ተመለሰ፤ ቀሪ ዕድሜውንም የአገሩ ሰው ራሱን እንዲያከብር ሲወተውት አሳለፈ። በ1974 በደቡብ ሉዊዚያናዋ ላፋዬት ከተማ፣ ብላክሃም ኮሊሲየም በሚባል አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ ያ ዛሬ በየዓመቱ የሚካሄደው ፌስቲቫል ሆነ። ከመድረኩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ለሕፃናት ቫዮሊን መጫወቱ፣ ወጣቶችን ቤቱ አስቀምጦ ማስተማሩ ነው። በ1979 በባንድ አብረውት የሚጫወቱ ሁለት ወንድሞቹን በመኪና አደጋ አጣ። አላቆመም። በ1992 ሲሞት ልጁ ክርስቲን ባንድ አቋቁማ ቀጠለች። ሙዚቃው ተርፎ ከሆነ የተረፈው እንዲህ ነው፤ ማህደሩ ረዳት ነበር።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው። ከሂውስተን ዩኒስ በመኪና ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጠዋት ይሂዱ፤ አዛውንት ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። ጭፍራ ቤተሰብ ይዘው አይሂዱ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ከተቻለ አንዱ የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ የሚሰማ ይሁን። በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ጥሩ ጊዜ ነበር» ብለው የሚዘጉትን ጥያቄ በቋንቋቸው ግማሽ ሰዓት ሊያወሩበት ይችላሉ። ስልክ ይበቃል። የድምፅ መቅጃውን ሴቲንግ ወደ ያልታመቀ ጥራት ይቀይሩት፣ ኢንተርኔቱንና ጥሪውን ይዝጉ፣ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አጥፈው እላዩ ያስቀምጡት። ሁለተኛ ስልክ በቪዲዮ እጃቸውን ብቻ ይቅረጽ። ፊታቸውን የሚቀርጽ ሰው ሞልቷል፤ ቀስቱን የያዘውን እጅ የሚቀርጽ ነው የሌለው። ልጅቷን ይውሰዷት። ሰው ለእኩያው የማይናገረውን ለሕፃን ሲያስረዳ ዘርዘር አድርጎ ይናገራል።

«ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» አይባልም። ፎቶ ያሳዩአቸው፣ እሳቸው አንድ በአንድ ስም ይጥሩ። ሽማግሌው ቫዮሊኑን ይዘው ይጫወቱ፤ ከእያንዳንዱ ዜማ በኋላ ከማን እንደተማሩት፣ ሌላ ስም እንዳለው፣ ማን እንደሚዘፍነው ይጠየቁ። ቫዮሊኑን እንዴት እንደሚቃኙም ይጠይቋቸው። ብዙ የኬጁን ቫዮሊን ተጫዋቾች ሲ (C) በሚባለው ድምፅ ከተቃኘ አኮርዲዮን ጋር እንዲመች አውታሮቻቸውን ከመደበኛው ቅኝት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ቅጂው የት እንዲቀመጥና ማን እንዲሰማው እንደሚፈቅዱ ራሳቸው በድምፃቸው ይናገሩ። ወረቀትም ይፈርሙ። ይህን ያልያዘ ቃለ መጠይቅ ማህደር ውስጥ ገብቶም ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

አኮርዲዮኑን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ለልጅቷ ብላችሁ ለማሳደስ እንዳትቸኩሉ። የኬጁን አኮርዲዮን በቀኝ በኩል አሥር ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ያሉት የብረት ምላሶች የተቃኙትም እንደ ፒያኖ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋሉ፣ ጩኸቱ ጣፋጭ እንዲሆን። የማያውቅ ባለሙያ እጅ ከገባ «አስተካከልኩት» ብሎ የአያትየውን ቅኝት ያጠፋዋል። ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ በመግፋትም በመሳብም ቀስ ብላችሁ ቅዱት። ይህ ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። የቤት ሪል ማጫወቻዎች ፍጥነታቸው ይዋዥቅ ነበር። ሪሉን የሚገለብጠው ሰው ትክክለኛውን ፍጥነት የሚያገኘው የአኮርዲዮኑን ድምፅ ካወቀ ነው። አለዚያ አያታችሁ በቀጭን ድምፅ እየተጣደፉ የሚዘፍኑ ሰው ሆነው ለዘላለም ይቀራሉ።

አሁን ካርቶኑ። አቼቶ የሚሸተው ሪል ክሩ የተሠራበት አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ እየፈረሰ ነው። ይህ ሂደት ሊዘገይ ይችላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። የሚወጣው አሲድ ጎረቤቶቹን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ለብቻው አውጡት። ሌሎቹን ሪሎች ደግሞ በጎናቸው ወደ መብራት አድርጋችሁ እዩ። በተጠቀለለው ክር መሃል ብርሃን የሚያሳልፈው አሲቴት ነው። የማያሳልፈው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተሩ፣ በተለይ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ አለበት፦ ማጣበቂያው እርጥበት ጠጥቶ ይለጠፋል። ሲጫወት እየጮኸ ቡናማውን ዱቄት ማጫወቻው ላይ ይተዋል፤ የሚረግፈው ዱቄት ዘፈኑ ራሱ ነው። ባለሙያ እንዲህ ያለውን ቴፕ ከ50 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ለሰዓታት አድርቆ ለአጭር ጊዜ እንዲጫወት ያደርገዋል። ኢንተርኔት ላይ ይህን አይታችሁ በኩሽና ኦቨን እንዳትሞክሩት። አሲቴቱን ካሞቃችሁት ደግሞ አለቀለት። ሪል ሁሉ ወደ ባለሙያ ይሂድ፣ ነጥብ።

ካሴት ቀለል ይላል፤ በእስክርቢቶ ያጠነጠንን ሰዎች ስለሆንን አንፈራውም። ቢሆንም የዩኤስቢዋ ርካሽ ማጫወቻ ትቅር። ፍጥነቷ አይታመንም፣ ክርም ትበላለች። የታደሰ ደህና ዴክ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት የካሴቱን ጀርባ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። እኛ አዲስ አበባ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቀን ሌላ ዘፈን እንቀዳበት የነበረውን ማለቴ ነው። እነሱ ካልተሰበሩ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ሲነካ አያትየው ይጠፋሉ። ከዚያ ካሴቱን ዳር እስከ ዳር አንዴ አሽከርክሩት። ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ከወደቀች አታጫውቱ፣ ሽፋኑ ይቀየራል። ሸክላዎቹ በደቂቃ 78 ዙር የሚሉት ከሆኑ ቦያቸው ከሎንግ ፕሌዩ በሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ የራሱ መርፌ ይፈልጋል። በአልኮል አትጥረጉ፣ አልኮል ሸክላውን ራሱን ያሟሟዋል። ምናልባት ታትመው የተሸጡ ስለሆኑ ሌላም ቦታ ይገኛሉ፤ ከካርቶኑ ውስጥ ትንሹ ጭንቀታችሁ እነሱ ይሁኑ።

ትልቁ ሀብት ካሴቶቹ ናቸው፤ ሰው የሚንቃቸው እነሱን ነው። ሸክላ ላይ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ዘፈኑ ይቆረጣል። ጭፈራ ቤት የተቀዳ ካሴት ላይ ግን አንድ ዜማ ሰዉ እስኪበቃው ይሄዳል። አኮርዲዮኑ ለቫዮሊኑ ይለቃል፣ ቫዮሊኑ ይመልሳል፣ አንዱ ከወለሉ ይጮሃል። ስቱዲዮ ያልያዘው ይህን ነው።

ለዚህም ነው «በኤአይ ማጽዳት» የሚለው የማያስደስተኝ። የኬጁን ባንድ ውስጥ የምትሰሙት ያ ቅልጭ ቅልጭ የሚል ብረት፣ ድሮ ከአሮጌ የድርቆሽ መሰብሰቢያ መሣሪያ ጥርስ ታጥፎ የሚሠራው ሦስት ማዕዘን ነው። ለማጽጃው ፕሮግራም እሱም፣ የእግር ምቱም፣ ጩኸቱም ጫጫታ ሊመስሉት ይችላሉ። አጥፍቶ ያስረክባችኋል። መጀመሪያ ምንም ያልተነካ ቅጂ ይኑር፦ ዌቭ ፋይል፣ 96 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። አርባውም ካሴት ባለ 90 ደቂቃ ቢሆን 130 ጊጋባይት አይሞላም፤ ዛሬ ይህ ምንም አይደለም። ሦስት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ከሂውስተንም ከሉዊዚያናም ውጭ ይሁን። አውሎ ነፋስ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ከቅጂው ላይ ቅጂ አውጥቶ የአጎት ልጁ እንደፈለገ ይጫወትበት። ዋናዎቹ ግን ከተገለበጡም በኋላ አይጣሉም። የነገ መሣሪያ ከዛሬው የተሻለ ሊያነብ ይችላል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍም ማስረጃ ነው። ጋራዥ ግን አይመለሱ። ሰው የሚኖርበት፣ ኤሲ ያለው ክፍል ይሁን።

«ባለቤት የለውም» ወደሚለው ልምጣ። ዜማውና ቅጂው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዜማው የጥንት ከሆነ የማንም ላይሆን ይችላል። ቅጂው ግን ባለቤት አለው። በ2018 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት በ1928 የታተመው የመጀመሪያው የኬጁን ሸክላ እንኳ ነፃ የሚሆነው በ2029 መጀመሪያ ነው። ከ1947 እስከ 1956 የታተሙት 110 ዓመት ይጠበቃሉ። ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት ቤት ውስጥ ተቀድተው ያልታተሙት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ድረስ ጥበቃ አላቸው። ከ1972ቱ ቀን ጀምሮ የተቀዱት በተለመደው የቅጂ መብት ሕግ ይገዛሉ። ማለትም የአያትየው ወራሾች ብቻ ሳይሆኑ አብረዋቸው የተጫወቱትም ቃል አላቸው፤ ሽማግሌውን ጨምሮ። ደብተሩ ላይ የራሳቸው ግጥም ካለ እሱም የተለየ መብት ነው። ይህ ጠቅላላ መረጃ ነው። የምታትሙት ወይም የምትሸጡት ነገር ካለ የመብት ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

ዩቲዩብን አልጠላም። ሰው ይሰማበታል፣ ከየት የመጣ የዘመድ ዘመድ ኮመንት ላይ ስም ይጽፋል። ግን ድምፁን ያምቀዋል፣ አካውንቱ ቢዘጋ አብሮ ይሄዳል፣ ዜማው ከታተመ ሸክላ ጋር ከተመሳሰለም የመብት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ማሳያ መስኮት ነው፤ መጋዘን አይደለም።

መጋዘኑ ላፋዬት ነው። የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ በላፋዬት ውስጥ ያለው የሉዊዚያና ጥናት ማዕከል የኬጁንና የክሪዮል ፎክሎር ማህደር አለው። ልክ እንደ እናንተ ካርቶን ያለ ነገር የሚሰበስብ ቦታ ነው። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ እዚያ ደውሉ፣ ሪሎቹን ለእነሱ ስጡ፣ ካሴቶቹንም እነሱ ወይም እነሱ የሚጠቁሙት ባለሙያ ይገልብጥ። ከመስጠታችሁ በፊት ስምምነቱን አንብቡ። ዕቃውን መስጠትና መብቱን መስጠት አንድ አይደሉም። መብቱ ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆይ፣ የዲጂታል ቅጂው ሙሉውን እንዲደርሳችሁ ይጻፍ። ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። ማህደር ወረፋ አለው፤ ቴፑን ከተቀበለ በኋላ እስኪገለበጥ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ሁሉንም ላይቀበልም ይችላል። ስም የሌለው ሳጥን ወረፋው ግርጌ ይሄዳል፤ ስምና ቦታ በዝርዝር የተጻፈበት ሳጥን ደግሞ ለሠራተኛውም ስለሚቀል ወደ ፊት ይመጣል። ሽማግሌው መጀመሪያ ይጠየቁ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ልጅቷ ትማር። ከዩቲዩብ ሳይሆን ከሰው። ዩኒስ ውስጥ ማርክ ሳቮይ የሚባለው አኮርዲዮን ሠሪ ሱቅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀማሪውም አዛውንቱም ክብ ሠርቶ የሚጫወትበት ቦታ በመሆኑ ይታወቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። በዱዊ ባልፋ ስም የሚዘጋጅ የሙዚቃ ካምፕም አለ። መጀመሪያ ቀላሉን አኮርዲዮን ትያዝ፣ የቅድመ አያቷ ቆይቶ ይደርሳል። ሽማግሌው ከሚያስተምሯት ሦስት ዜማ በላይ አትጠብቁ። ሦስቱን ግን ከነምንጫቸው ትያዝ፤ ይህ ከማን፣ ያ ከማን ብላ መናገር ትቻል። ሙዚቃው የጥቁር ክሪዮሎችም መሆኑን ከመጀመሪያው ትወቅ፤ በእሷ ቤት ይህን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም።

ደብተሩን እንዳልረሳው። ዛሬ ማታ በቀን ብርሃን መሰል መብራት ሥር ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፣ ባዶዎቹን ገጾችና ሽፋኑን ጨምሮ። ፈረንሳይኛ መጻፍ ያልተማረ ትውልድ ስለሆነ ቃሉን እንደሰሙት ጽፈውት ይሆናል። ማንም የፓሪስ ፈረንሳይኛ ያውቃል ተብሎ እንዳያርመው። ሽማግሌው ጋ ስትሄዱ ያነሳችሁትን በትልቁ አትማችሁ ውሰዱ፤ ዋናው ደብተር ግን ቤት ይቅር።